ከለገሃር እስከ ጓዳ፦ ልጅን በቤቱ ለትምህርት የማዘጋጀት ታሪክ

የቤት ለቤት ጉብኝት በቅድመ መደበኛ ትምህርት ውስጥ ከሌሎቹ አሠራሮች የሚለየው በአቅጣጫው ነው። በመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ወደ አስተማሪ ይሄዳል። በቤት ለቤት ጉብኝት ግን ሠራተኛዋ የቤተሰቡን ደጅ ታንኳኳለች፤ ገብታም የምታሠለጥነው ልጁን ሳይሆን እናቱን፣ አባቱን ወይም አያቱን ነው። ወላጁ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ከልጁ ጋር እንዲያወራ፣ ተረት እንዲነግረው፣ ቀለምና ቅርጽ እንዲያስለየው፣ ጠጠርና ቆርኪ እንዲያስቆጥረው ታሳየዋለች። ሌላ ጊዜ ተመልሳ የሠሩትን ታያለች፣ ያልገባቸውን ትደግምላቸዋለች። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በስሙ ተጠርቶ የቆመው በቅርብ ዓመታት ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ከመቶ ዓመት ይበልጣል፣ መነሻውም ድሬዳዋ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ካለው ሜዳ ደረሰ። ሐዲዱን ሽቅብ ወደ ሐረር ማውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ በሜዳው እንዲቀጥል ተደረገ፤ በዚያ የተቆረቆረችው ድሬዳዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን በዕቅድ የተሠራው፣ ዛፎች የተተከሉበት ከዚራ አለ፤ በሌላው ወገን ነጋዴው፣ ተሸካሚውና ግመል ነጂው የሠፈረበት መጋላ። የባቡሩ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ከፈረንሳይ ሲመጡ ቋንቋቸውንም ይዘው ነው የመጡት፤ «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ባቡር ጣቢያን ከሚጠራው የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የተወሰደ ነው።

የኢትዮጵያን ቅድመ መደበኛ ትምህርት ታሪክ የጻፉ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የሚያገኙት በዚህችው ከተማ ነው። የተከፈተው በባቡር ሐዲዱ ሥራ ላይ ለተሰማሩት ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። ዘመኑን አንዳንዶቹ 1898፣ ሌሎቹ 1900 እ.ኤ.አ. ይሉታል። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው ከሁለቱም በኋላ ስለሆነ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ማለቱ ይበልጥ ያስኬዳል። ከቀኑ ይልቅ የሚያስፈልገው የተማሪዎቹን ማንነት ማስተዋል ነው። የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት ያገለገለው ደመወዝተኛ የውጭ አገር ቤተሰብን ነው፤ የሐዲዱን ድንጋይ የተሸከመው የኦሮሞ፣ የሶማሌ ወይም የአማራ ሠራተኛ ልጅ በዚያ ክፍል አልተቀመጠም። አዲሱ ተቋም የተወለደው ለጥቂቶች ነበር፤ ይህ ጠባዩም ለብዙ አሥርት ዓመታት አልለቀቀውም።

ይህ ሲባል የከተማዋና የአገሪቱ ሌሎች ልጆች ያለ ዝግጅት ያድጉ ነበር ማለት አይደለም። በክርስቲያኑ ቤት አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የፊደል ገበታ ተገዝቶለት ወደ የኔታ ይላካል፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ሀሁን፣ አቡጊዳንና ፊደለ ሐዋርያን በዜማ እየጮኸ ይለያል፣ ሲበረታም ዳዊት ይደግማል። በሙስሊሙ ቤት ልጁ ወደ ቁርአን ቤት ይሄዳል፤ የእንጨት ሉሁን ታቅፎ ተቀምጦ የዐረብኛ ፊደላትን ይቆጥራል። ሶማሌዎች ይህንን ትምህርት ቤት ዱግሲ ይሉታል። ድሬዳዋ አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም በመሆኑ ቁርአን ቤት በከተማዋ ከማንኛውም መዋዕለ ሕፃናት ይልቅ ብዙ ልጅ የተቀበለ የዝግጅት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁለቱም በፊት ግን ቤት ነበረ። ማታ አያት ተቀምጣ «ተረት ተረት» ስትል ልጆች «የላም በረት» ይላሉ፤ «እንቆቅልሽ» ስትል «ምን አውቅልሽ» ብለው ይመልሳሉ። በኦሮሞው ቤት ሂቦ አለ። በደጅ ሰኞ ማክሰኞ፣ አኩኩሉና ገበጣ ይጫወታሉ። እነዚህ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል፤ በእውነቱ ግን የዛሬው የትምህርት ሳይንስ «ለትምህርት ዝግጁነት» ብሎ የሚዘረዝራቸውን ችሎታዎች የሚያሳድጉ ናቸው። ተረት ማዳመጥ ቃላትን ያበዛል፣ የነገርን ቅደም ተከተል ያስይዛል። እንቆቅልሽ ማገናዘብን ያስተምራል። ገበጣ መቁጠርና ማስላት ነው፤ ሰኞ ማክሰኞ ሰውነትን ማዘዝና ተራ መጠበቅ። በ1957 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የተጀመረው የልጆች ክፍለ ጊዜና ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ለአራት አሥርት ዓመታት የተወደዱት ይህንኑ የአያት ወንበር ወደ ስቱዲዮ ስላመጡት ነው። የቤት ለቤት ጉብኝት ተቋም ሲቋቋም የሚጀምረው ከባዶ ሳይሆን ከዚህ ሀብት ላይ ነው፤ ይህን ሳያይ ባዕድ መጫወቻ ይዞ የሚገባ ፕሮግራም የወላጁን እምነት ቶሎ ያጣል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተስፋፋ። በመዲናዋ በውጭ ማኅበረሰቦች ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ከዚያም በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና በሚስዮኖች ተከፈተ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ በመላ አገሪቱ የነበሩት መዋዕለ ሕፃናት 77 ብቻ ነበሩ፤ የያዙትም ከ7,500 በጥቂቱ የሚበልጡ ልጆችን ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ከሆነው ዕድሜው አንጻር ይህ ቁጥር አሳዛኝ ነው።

ደርግ ይህንን ታሪክ በአንድ ነገር ቀየረው፦ መዋዕለ ሕፃናትን ወደ ቀበሌ አወረደው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በሠፈራቸው ክፍል አዘጋጅተው፣ ከነዋሪው ገንዘብ አዋጥተው፣ አነስተኛ ክፍያ እያስከፈሉ ልጆችን መቀበል ጀመሩ፤ በ1973 ዓ.ም. ገደማም ብሔራዊ የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ቁጥር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። ለዚህ ርእስ ግን ከቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ያላነሰ ቁም ነገር ያለው በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተማረ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ እናቶች ነበሩ። ፊደል የለየች እናት በቤቷ የመጀመሪያዋ አስተማሪ ለመሆን የሚያስፈልጋትን መሣሪያ አገኘች ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን በሁለንተናው ለመደበኛ ትምህርት እንዲያዘጋጅ ደነገገ። የመክፈቱና የማስተዳደሩ ሥራ ግን በተግባር ለግል ባለሀብቱ፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ተተወ። ውጤቱ የሚገመት ነበር። የግል መዋዕለ ሕፃናት በከተማ በዛ፤ ክፍያ መክፈል የሚችል ወላጅ ልጁን አስገባ፤ የማይችለው ቀረ። ከገቡትም ብዙዎቹ ያገኙት ጨዋታ ሳይሆን ቦርሳ፣ ደብተርና የእንግሊዝኛ ፊደል ቅጂ ነበር። ወላጆችም የትምህርት ቤቱን ጥራት የሚለኩት ልጃቸው በእንግሊዝኛ በሚቆጥረው ቁጥር ሆነ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ልጆች መካከል በመዋዕለ ሕፃናት የነበሩት አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። ዘጠና አምስቱ የሚውሉት ቤት ነው፤ ቤት ድረስ የሚሄድላቸው ግን አልነበረም።

በዚሁ ዘመን ውጭ አገር ሌላ መንገድ እየተሞከረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚሺጋን የተጀመረው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ቤት ጥናት በጥቅሉ የሚታወቀው በማዕከሉ ነው፤ አስተማሪዎቹ በየሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቤት እየሄዱ ከእናቱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጣቸው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በጃማይካ ኪንግስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሳሊ ግራንትሃም-ማክግሬገርና ባልደረቦቻቸው ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናትን ይዘው የጀመሩት ጥናት ከዚህም ራቀ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ከተጣለ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ እናቶችን አሠለጠኑ። ልጆቹ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲፈለጉ፣ ጉብኝቱ የደረሳቸው ካልደረሳቸው ጓደኞቻቸው በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ያገኙ ነበር። በዓለም ላይ የቤት ለቤት ጉብኝትን ለመደገፍ በብዛት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ይህ ነው።

ለትምህርት ቤት ዝግጅት ተብሎ በተለይ የተቀረጸው ግን በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቪማ ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመሩት ሂፒ የተባለው ፕሮግራም ነው። ጎብኚዎቹ ባለዲግሪ አስተማሪዎች አይደሉም፤ ከዚያው ሠፈር የተመረጡ፣ ራሳቸውም ትንሽ ልጅ ያላቸው እናቶች ናቸው። አስተባባሪዋ የሳምንቱን ትምህርት ታስይዛቸዋለች፤ አንዷ እናት፣ ሌላዋ ልጅ ሆና እየተጫወቱ ይለማመዱታል፤ ከዚያ በየቤቱ ሄደው እናቶችን በዚያው ዘዴ ያሠለጥናሉ። እናቲቱ በበኩሏ በቀን ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ከልጇ ጋር ትሠራለች። አሠራሩ ወደ ቱርክ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ተሻግሯል። ኢትዮጵያውያንም ያገኙት በስደት አገር ነው፦ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተለይም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ከተጓጓዙ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰቦች በዚህና በመሰል ፕሮግራሞች ታቅፈዋል። ብዙዎቹ እናቶች በዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በራሳቸው ቋንቋ የምታናግራቸው ጎብኚ አስፈላጊነትም በዚያ ጎልቶ ታየ።

በኢትዮጵያ ምድር ደጅ ማንኳኳትን የመንግሥት ሥራ ያደረገው ትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን ጤና ሚኒስቴር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ መደበ። ሥልጠናው አንድ ዓመት ነው፤ በመመሪያው መሠረትም ከሥራ ጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት ሊያሳልፉ ይገባ ነበር። ቁጥራቸው ከ30,000 አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ነርሶች ተመድበው ድሬዳዋን ጨምሮ በከተሞች መዞር ጀመሩ። እነዚህ ሴቶች የማይተካ ነገር ሠርተዋል፦ መንግሥት የላከው ሰው ለቅጣት ወይም ለግብር ሳይሆን ለምክር ወደ ጓዳ ሊገባ እንደሚችል ሕዝቡን አሳምነዋል። መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ፣ ልጅ ተከተበ፣ እናት ጤና ጣቢያ ወለደች። በቦርሳቸው ውስጥ ግን ስለ ልጅ ጨዋታ፣ ስለ ንግግርና ስለ ተረት የተጻፈ እምብዛም አልነበረም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ አራት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው የወላጆች ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው ጤናና የሕፃን ልጅን አእምሮ ማነቃቃት፤ ሦስተኛው መዋዕለ ሕፃናት፤ አራተኛው መደበኛ ባልሆነ መንገድ ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት። የወላጆች ትምህርት ቀድሞ መቀመጡ ልብ ሊባል ይገባል። በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ መንግሥት የልጅን ዝግጅት ከቤት የጀመረው በዚህ ሰነድ ነው፤ የቤቱን ደጅ እንዲያንኳኩ የታሰቡትም እነዚያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነበሩ።

ገንዘቡና ጉልበቱ ግን ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ምሰሶ ሄደ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ለስድስት ዓመት ልጆች ዜሮ ክፍል ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ ከመቶ አምስት ወደ አንድ ሦስተኛ ተመነደገ። ይህ ዕድገት ታላቅ ነው፤ ሆኖም ዜሮ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በተጨናነቀ ክፍል፣ በአንደኛ ክፍል ዘዴ ነው።

ለቤቱ ይበልጥ የቀረበው «ልጅ ለልጅ» የተባለው አሠራር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1978 በለንደን የተጠነሰሰ ሐሳብ ሲሆን፣ ዩኒሴፍ ለትምህርት ቤት ዝግጅት በሚስማማ መልኩ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ በስድስት አገሮች ሲሞክረው አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአስተማሪያቸው ሠልጥነው በሠፈራቸው ያሉትን ትንንሽ ልጆች ሰብስበው በጨዋታ ያስቆጥሯቸዋል፣ ቅርጽ ያስለዩዋቸዋል፣ ተረት ይነግሯቸዋል። ታላቅ ታናሹን ማሳደጉ በኢትዮጵያ ቤት አዲስ ነገር ስላልሆነ አሠራሩ በቀላሉ ተቀባይነት አገኘ። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፦ አስተማሪውም ልጅ ነው፣ የራሱን ትምህርት የሚጠብቅ፤ ወላጁ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ወላጁን ራሱን ይዞ መሥራት በኢትዮጵያ ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡ ጥናቶች አሉ። ሴቭ ዘ ችልድረን በገጠር ቀበሌዎች ወላጆችን እየሰበሰበ በቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉትን የንባብና የሂሳብ ጨዋታ አሠልጥኖ ውጤቱን ከማዕከል ልጆች ጋር አነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በወላጆቻቸው የተዘጋጁት ልጆች ምንም ካላገኙት በግልጽ የበለጡ ሲሆን፣ በማዕከል ከተማሩትም ብዙ አልራቁም። በጅማ ከተማ ደግሞ በከፋ ድህነት ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ቤት ለቤት በጨዋታ የታገዘ ማነቃቂያ ተሞክሮ በልጆቹ የቋንቋና የማኅበራዊ ዕድገት ላይ መሻሻል መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ ቤት በአንድ ቀን የሁሉም ልጅ መማሪያ ሆነ። ወላጅ ምን ያህል ሊረዳ እንደሚችል፣ ምን ያህልም ሳይዘጋጅ እንደተተወ ያኔ ታየ። በእነዚሁ ዓመታት አካባቢ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙን ጀመረ። መዲናዋን በአፍሪካ ልጅ ለማሳደግ የተመቸች ምርጥ ከተማ ማድረግ ዓላማው ነው፤ ለዚህም ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በተለይ ወደ ዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ቤት እየሄዱ ነፍሰ ጡር እናቶችንና የሕፃናት ወላጆችን ያማክራሉ፤ በየሠፈሩም የልጆች መጫወቻ ቦታዎች ይዘጋጃሉ። ጉብኝቱ ከጤና ምክር አልፎ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ንግግርና ያለ ዱላ ልጅ ስለ ማሳደግ በስፋት የተያዘበት፣ በኢትዮጵያ ከተማ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው።

ይህ አሠራር ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ ከአዲስ አበባ እንዳለ ተገልብጦ ሊሠራ አይችልም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 341,834 ሕዝብ የነበራት ይህች አስተዳደር ከሦስት ሰው አንዱ በገጠር ቀበሌ ይኖርባታል። በትምህርት ቤቶቿ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው፤ በአንድ ግቢ ሦስቱም ሲነገሩ መስማት በድሬዳዋ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጎብኚዋ ልጁ አፉን የፈታበትን ቋንቋ ማወቅ አለባት፤ በዚያ ቋንቋ ተረት ያልሰማ ልጅ በሌላው ፊደል ሲቆጥር ቢውል ዝግጁ አይባልም። ሰዓቱም የራሱ ጣጣ አለው። ቀፊራ ገበያ ላይ አትክልት ወይም ወተት የምትሸጥ እናት ጠዋት ቤት አትገኝም፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ወደ ጥላ ስለሚያስገባ ሥራ ይቆማል። ለጉብኝት የሚመቸው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ፣ ቤተሰቡ በደጅ ምንጣፍ ዘርግቶ ሲቀመጥ ነው። በዚያ ሰዓት አያትም፣ አባትም፣ የጎረቤት ልጅም ይገኛሉ፤ ከአንድ ቤት የተጀመረው ጨዋታ ወደ ግቢው ሁሉ ይደርሳል።

መግዛት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ቆርኪ ለመቁጠር፣ የጨርቅ ቁራጭ ቀለም ለመለየት፣ ከሰል በድንጋይ ላይ ለመሣል ይበቃል። ከባዱ ወጪ ሰው ነው፦ ጎብኚዋን መምረጥ፣ ማሠልጠን፣ በየሳምንቱ መከታተል፣ በወቅቱም ደመወዟን መክፈል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ላይ ተጨማሪ ሥራ ብቻ ጭኖ ማለፍ እንደማያዋጣ የ2002ቱ ማዕቀፍ ልምድ አሳይቷል፤ የልጁን ትምህርት የያዘች፣ ከእነሱ ጋር እየተመካከረች የምትሠራ ሌላ ሰው ታስፈልጋለች።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት ደንግጓል። በዚህ መሠረት ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በአምስት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን አምስት ዓመታት የሚያሳልፈው ቤቱ ነው።